«ድነዋል» እያልናቸው ለምን መብላት አቃታቸው? ከምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ስላለው ኑሮ የቀረበ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ 62 ዓመታቸው ነው። በታችኛው የምግብ ቧንቧቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶባቸው አምስት ሳምንት ኬሞቴራፒና ጨረር ከወሰዱ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ አሁን ስምንት ወር ሆናቸው። ተቆርጦ በወጣው አካል ውስጥ አንድም የካንሰር ሕዋስ እንዳልተገኘ ሐኪሞቹ ነግረውናል። ይሁን እንጂ ክብደታቸው ከ74 ኪሎ ወደ 61 ወርዷል። በበሉ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ልባቸው ይመታል፣ ያልባቸዋል፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል። ሌሊት መራራ ነገር እስከ ጉሮሯቸው እየወጣ ሳል ይቀሰቅሳቸዋል። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ ደግሞ ደረቅ ምግብ ደረታቸው ላይ ቆም ይልባቸዋል። እኛ «ድነዋል እኮ» ስንላቸው ዝም ይላሉ። ሆስፒታሉ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሰው ጋር ላገናኝዎት ቢላቸው «የሰው በሽታ መስማት ምን ይፈይድልኛል» ብለው እምቢ አሉ። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው ወይስ በሽታው ተመልሶ ነው? እንደ ድሮው የሚበሉትስ መቼ ነው? ከሰውየው ጋር እንዲገናኙስ እንጫናቸው?

መልስ፦ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ አስቀድሜ የምመልሰው እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉትን ነው። ደረቅ ምግብ ደረታቸው ላይ መቆም ከጀመረ ሁለት ሳምንት ከሆነው፣ ጉዳዩ የሚቀጥለውን የክትትል ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ቀዶ ሕክምናውን ላደረገው ክፍል ደውለው ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ገብቶ የሚደረግ ምርመራ፣ እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ። ይህን የምለው ላስደነግጥዎ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የተረፈው የምግብ ቧንቧና ወደ ላይ የተሳበው ጨጓራ የተጋጠሙበት ስፌት ጠባሳ ሠርቶ መጥበቡ ነው፤ ጠባሳ ሲድን ይሰበሰባልና። ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ እያየ፣ ውስጥ ገብታ በምትነፋ ፊኛ ወይም ውፍረታቸው ደረጃ በደረጃ በሚጨምር ዘንጎች ቦታውን ያሰፋዋል፤ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በአጭር ጊዜም አዋዋጡ ላይ ለውጥ ያያል። አንዳንዱን አንድ ጊዜ ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ በየጥቂት ሳምንቱ ደጋግሞ መመላለስ ግድ ይሆንበታል፤ መመላለሱም በራሱ የበሽታ መመለስ ምልክት አይደለም። ነገር ግን የጠባሳን መጥበብና በዚያው ቦታ የተመለሰን ካንሰር በጽሑፍ መልእክት መለየት ለእኔም ሆነ ለማንም አይቻልም። የሚለየው በዓይን አይቶ፣ ካጠራጠረም ናሙና ወስዶ ነው። ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ ካቃታቸው፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ደም ካስታወኩ ወይም ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

የቀሩት ምልክቶች፣ እርስዎ እንደጻፉልኝ ከሆነ፣ የበሽታው ሳይሆኑ የተሠራላቸው ሥራ ውጤቶች ናቸው። ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳዎ፤ ምክንያቱን ያወቀ ቤተሰብ በገበታ ላይ ከታማሚው ጋር ብዙም አይጣላምና።

የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ካንሰሩ በታችኛው ክፍል ሲሆን አብዛኛው ቧንቧ፣ የጨጓራው አናትና በዙሪያው ያሉት የሊምፍ እጢዎች አብረው ይወጣሉ፤ የተረፈው ጨጓራ እንደ እጅጌ ጠበብና ረዘም ተደርጎ ይሰፋና ወደ ደረት ተስቦ ከቀረው ቧንቧ ጋር ይጋጠማል። በሆድና በቀኝ ደረት በኩል የሚሠራውን ይህን ዘዴ ብሪታንያዊው ቀዶ ሐኪም አይቮር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው ሲሆን፣ ዛሬ በትንንሽ ቀዳዳዎችና በካሜራ ቢሠራም መሠረቱ ያው ነው። ስለዚህ የአባትዎ ጨጓራ አሁን በአብዛኛው ያለው ደረታቸው ውስጥ ነው። በዚህ ለውጥ ሦስት ነገሮች አጥተዋል፦ ምግብ ተጠራቅሞ የሚቆይበትን ሰፊ ቦታ፣ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚዘጋውን ጡንቻ፣ እንዲሁም የጨጓራውን እንቅስቃሴና የመውጫ በሩን የሚያዝዘውን ቬገስ የተባለ ነርቭ። የሚያስጨንቋችሁ የቀሩት ነገሮች በአብዛኛው ከእነዚህ ከሦስቱ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ የሚመጡ ናቸው።

ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የልብ ምትና ላብ እንውሰድ። የሕክምናው ስም ዳምፒንግ ሲንድረም ነው። ሳይፈጭና ሳይቀጥን፣ በተለይም ስኳር የበዛበት ምግብ በአንድ ጊዜ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ፣ አንጀቱ ሊያቀጥነው ውኃ ከደም ሥር ይስባል፤ ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ደም ግፊት ዝቅ ይላል፣ ልብም ያንን ለማካካስ ይሮጣል። ይህ ቀዳሚው ዓይነት ሲሆን ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል፤ የአባትዎ ይህንኑ ይመስላል። ዘግይቶ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚመጣ ሌላ ዓይነትም አለ፤ ስኳሩ በፍጥነት ደም ውስጥ ስለገባ ሰውነት ከሚገባው በላይ ኢንሱሊን ያፈስሳል፣ ከዚያ የደም ስኳር ይወርድና መንቀጥቀጥ፣ ረሃብና ማዞር ይከተላል። ሁለቱን መለየት ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ በሁለተኛው ጊዜ ጥቂት ጣፋጭ ነገር መቅመስ ሲረዳ በመጀመሪያው ጊዜ ያው ጣፋጭ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ከተቻለም በዘገየው ሰዓት ላይ የጣት ደም ወስደው ስኳሩን ይለኩ።

ለቀዳሚው ዓይነት ከመድኃኒት በፊት የሚሠራው አመጋገብ ነው። በምግብ ሰዓት አይጠጡ፤ መጠጡ ከምግቡ በፊትም ሆነ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይራቅ። ስኳር የተጨመረበት ሻይ፣ ለስላሳና ጭማቂ ይቀንሱ። በየገበታው ላይ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎ ወይም ሌላ ፕሮቲን ይኑር። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ምክር አለ። ዳምፒንግ ያለበት ሰው ከምግብ በኋላ ጋደም ይበል የሚለው ምክር በሆዳቸው ውስጥ ጨጓራቸው ለተቆረጠላቸው ሰዎች የተጻፈ ነው፤ አባትዎ የላይኛው መዝጊያ ስለሌላቸው በጀርባቸው ከተኙ የበሉት ወደ ጉሮሯቸው ይመለሳል። ለእርሳቸው የሚሆነው ወንበር ላይ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ እግራቸውን ከፍ አድርገው፣ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ማረፍ ነው።

የሌሊቱም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ትራስ መደራረብ የሚጠቅም ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ወገብ ላይ እንዲታጠፍ አድርጎ ሆድን ይጫናል፤ የሚረዳው ከወገብ ጀምሮ የሚያነሳ ተዳፋት ፍራሽ ወይም የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከፍ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ምግብ ከመኝታ ሦስት ሰዓት ቢቀድም ይመረጣል። የአሲድ መድኃኒት የሚያቃጥለውን ይቀንሳል እንጂ ፈሳሹን ከመውጣት አያግደውም፤ መራራ ነው ያሉት ደግሞ ሐሞት ሊሆን ይችላል፣ እርሱን የአሲድ መድኃኒት አይነካውም። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው የሚያሰጋው ማቃጠሉ ስላልሆነ ነው። ሌሊት ወደ ሳምባ የሚገባው ፈሳሽ የሳምባ ምች ያመጣል፤ ስለዚህ የሌሊቱን ሳል ለሐኪሞቹ «ትንሽ ያሳላቸዋል» ብለው አይለፉት፣ በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚነቁ ቆጥረው ይንገሯቸው።

ክብደትን በተመለከተ፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ከክብደት አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ማጣት የተለመደ ነው። የአባትዎ ግን ከ17 በመቶ አልፏል፣ በስምንተኛውም ወር ቆሟል አላሉኝም፤ ስለዚህ የሥነ ምግብ ባለሙያ በአስቸኳይ ሊያያቸው ይገባል። የረሃብን ስሜት የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራ ነው፤ ጨጓራው ሲቆረጥና ነርቩ ሲበጠስ ረሃብ የሚጠራ ድምፅ መሆኑ ይቀራል። አባትዎ «አላሰኘኝም» ሲሉ ማኩረፋቸው አይደለም፣ ሰውነታቸው በእርግጥ አልጠራቸውም። ስለዚህ የሚበሉት ሲርባቸው ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው፤ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በትንሽ ሰሃን። ሰገራቸው የሚንሳፈፍ፣ ቅባት ያለውና ከባድ ሽታ ያለው ከሆነ ደግሞ ከቆሽት የሚወጣው ፈጪ ኢንዛይም ከምግቡ ጋር በጊዜው አልተገናኘም ማለት ሊሆን ይችላልና ከምግብ ጋር የሚዋጥ የኢንዛይም ካፕሱል ይጠይቁ። የቫይታሚን ቢ12፣ የብረትና የቫይታሚን ዲ መጠንም በደም ይታይ። ይህ ሁሉ ካልበቃ ለጊዜው በቀጥታ ወደ ትንሹ አንጀት በሚገባ ቱቦ ሌሊት ሌሊት መመገብ አለ፤ ይህን እንደ ሽንፈት የሚያዩ ቤተሰቦች ሲያጋጥሙኝ አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰውየው ቀን ቀን ያለ ጭንቀት መብላትን እንዲለማመድ ነው።

እንደ ድሮው መቼ ይበላሉ ላሉት፣ እንደ ድሮው በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት አይመለስም። ብዙ ሰዎች ግን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ይረጋጋሉ፣ በሁለተኛውም ዓመት ውስጥ መሻሻሉ ይቀጥላል፤ በመጠን እያነሰ፣ በዓይነት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም መብላት ይችላሉ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ለብዙ ዓመታት ታካሚዎቼን «ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ» ብዬ አሰናብት ነበር፣ ያልኩትም በቂ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከክትትል ክፍላችን በር አጠገብ ሁለት ታካሚዎቼ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየኋቸው፤ አንደኛው ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሦስት ዓመት ያለፈው፣ ሌላው ስድስተኛ ሳምንቱ ላይ ያለ። ነባሩ ከቦርሳው ከመዳፍ የማትበልጥ ክዳን ያላት ሳህንና የሻይ ማንኪያ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ሰዓቱ ጮኾ ነበርና መብላት ጀመረ። እየበላም አንድ ጊዜ በጎረሰ ቁጥር ማንኪያውን ወደ ሳህኑ ይመልሳል። «ማንኪያው እጅህ ላይ ካለ አፍህ አይታገስም» አለው። ከዚያ ስቅ አለውና ግማሹን እንደተወ ክዳኑን ገጠመው። «የእኔ ምልክት ስቅታ ነው፣ ያንተ ሌላ ይሆናል፤ ፈልገህ አግኘው። ምልክቱ ከመጣ በኋላ የምትጎርሳት አንዲት ማንኪያ ከሰዓት በኋላህን ትበላብሃለች።» አዲሱ ታካሚ ይህን ሲሰማ የሚጽፈው ወረቀት ፈለገ። እኔ በሰጠሁት ምክር ላይ አንዲት ቃል ጽፎ አያውቅም።

ሐኪም ምክንያቱን ያውቃል፤ በዚያ አካል ውስጥ ሆኖ ውሎ አላደረም። የእድሜ ልክ ልማድ የሆነውን መብላት እንደ አዲስ ሙያ መማር ሲመጣ፣ ሙያውን የሚያስተምረው የሠራው ሰው ነው። ይህ ሐሳብ አዲስም አይደለም፤ በአሜሪካ ቴሬስ ላሰር የተባለች ሴት ጡቷ በካንሰር ምክንያት ከተቆረጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሴቶችን አልጋቸው ድረስ መጎብኘት ጀምራ፣ ሪች ቱ ሪከቨሪ የተባለው የጉብኝት ፕሮግራም ከዚያ ነው የተወለደው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ግን ከጡት ካንሰር ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው፤ ሰውም ሳይገናኝ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1913 ፍራንዝ ቶሬክ በኒው ዮርክ በደረት በኩል ገብቶ ካንሰር ያለበትን የምግብ ቧንቧ በተሳካ ሁኔታ ያወጣላት የመጀመሪያዋ ታካሚ፣ ከአንገቷ ወደ ጨጓራዋ ከአካሏ ውጭ በተዘረጋ የጎማ ቱቦ እየበላች ከአሥር ዓመት በላይ ኖራለች። ታሪኳን ለተማሪዎች ባስተማርኩ ቁጥር ማንን ትጠይቅ ነበር የሚለው ሐሳብ ይመጣብኛል።

ቢሆንም አባትዎን አይጫኗቸው። እምቢታቸውን ደግሞ ከንቱ ግትርነት አድርገው አይዩት፤ ከጀርባው ብዙ ጊዜ አንድ ያልተነገረ ፍርሃት አለ፣ ይኸውም ሰውየውን ካወቁ በኋላ የሰውየው በሽታ ቢመለስስ የሚል። ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። ካንሰሩ ከተመለሰ በአብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው፤ በቡድን የሚገናኙ ሰዎችም አንዳንድ ጊዜ ወዳጅ ያጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ቡድን ሳይሆን አንድ ሰው ይምረጡ፤ የሚቻል ከሆነ ዓመትና ሁለት ዓመት ያለፈው፣ ያው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ በሆስፒታሉ በኩል ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሰው ይሁን። በስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን የምግብ ቧንቧ ከፍቶ በሚይዝ ቱቦ፣ የሚኖር ወይም ያለ ቀዶ ሕክምና በኬሞቴራፒና በጨረር ብቻ የታከመ ሰው ብዙ የሚያካፍለው አለው፣ ስለ አመጋገብ የሚለው ግን ለአባትዎ አይሠራም። ግብዣውንም «ስለ በሽታዎ ይጫወቱ» ብለው አያቅርቡት። «ሌሊት እንዴት እንደሚተኙ ሰውየውን ይጠይቁልን» ቢሏቸው ይሻላል፤ ወንድ ልጅ፣ ያውም በእርሳቸው ዕድሜ ያለ፣ ስለ ፍርሃቱ እንዲያወራ ሲጋበዝ ይሸሻል፣ ስለ አልጋ አሠራር ሲጠየቅ ግን ይቀመጣል። ሌላው ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል።

አብሮ የሚመጣ ችግርም አለ፤ መድኃኒት መወዳደር። አንድ ሰው «እኔ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንድ ዓመት ኢሚዩኖቴራፒ ወስጃለሁ፣ ለአንተ ለምን አልሰጡህም?» ሊላቸው ይችላል (ኢሚዩኖቴራፒ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ መድኃኒት ነው)፣ አባትዎም ሌሊቱን ሙሉ ተረስቼ ይሆን እያሉ ሊያድሩ ይችላሉ። መልሱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ኒቮሉማብ የተባለውን የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት የፈተነ ጥናት የተደረገው ከኬሞቴራፒና ከጨረር በኋላ በተቆረጠው አካል ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ተርፎ በተገኘባቸው ሰዎች ላይ ነበር። በአባትዎ አካል ውስጥ ምንም አልተገኘም። እርሳቸው የወሰዱትን ዓይነት የአምስት ሳምንት ሕክምና ባጠናውና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው የኔዘርላንድ ጥናት እንዲህ ያለ ውጤት ያገኙት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ያልተሰጣቸው ተረስተው ሳይሆን የእርሳቸው ውጤት የተሻለ ስለነበረ ነው። በአጭሩ፣ የማንኪያውን፣ የትራሱንና የሰዓቱን ነገር ከሰውየው ይስሙ፤ መድኃኒት መጀመርን፣ ማቋረጥንና አዲስ ምልክትን ግን ለሐኪሙ ይተዉ። ሰውየው ራሱ «ለእኔም ደረቅ ምግብ ይቆምብኝ ነበር፣ በራሱ ተወኝ» ቢላቸው እንኳ ኢንዶስኮፒው አይቀርም።

«ድነዋል እኮ» የሚለውን ቃልም ለጊዜው ይተዉት። እናንተ የምታዩት ንጹሕ የምርመራ ወረቀት ነው፣ እርሳቸው የሚኖሩት ደግሞ በቀን ስምንት ጊዜ ገበታ ላይ ነው፤ ስትሏቸው ዝም የሚሉት ቅሬታቸው እንደ ምስጋና ቢስነት እንዳይቆጠርባቸው ይመስለኛል። ዝምታው ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ የሐዘን ስሜት፣ ከእንቅልፍ ማጣትና ከምንም ነገር ደስታ ከማጣት ጋር ከተያያዘ ደግሞ ድብርት ሊሆን ይችላልና እንደ ክብደቱ ሁሉ ለሐኪም ይነገር፤ የሚታከም ነው።

ለኢንዶስኮፒው ሲሄዱ አንድ ደብተር ይያዙ፤ በአንድ ገጽ የየሳምንቱ ክብደት፣ በሌላው ምግቡና ምልክቱ የመጡበት ሰዓት፣ በሦስተኛው ሳል የቀሰቀሳቸው ሌሊቶች ቁጥር ይሁን። ነርሷንም ያ ሊያገናኟቸው የነበረው ሰው የክትትል ቀጠሮው በዚያ ሳምንት ይሆን እንደሆነ ቀደም ብለው ይጠይቋት። ቀኑ ከገጠመ አባትዎ ምንም ማውራት አይጠበቅባቸውም፤ ወረፋ እስኪደርሳቸው ከጎኑ ይቀመጡና ሲበላ ይዩት።